ሹሮው ስንት ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው ለመንገድ ስንት ብር መያዝ እንዳለበት ቢጠይቃችሁ መልስ የላችሁም። እኔም የለኝም፣ ያውም መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሬ የማውቀው ሰው። ቲኬቱን በግምት ልነግረው እችላለሁ፣ እሱም በዓል ካልደረሰ ነው። ምሳውን ግን አልችልም። ውሃውንም፣ ሻንጣው ጣራ ላይ ሲወጣ ረዳቱ የሚጠይቀውንም፣ ወርዶ የሚይዘውን ባጃጅም አልችልም። «በዛ አድርገህ ያዝ» ነው የምለው። በዛ አድርጎ መያዝ የማይችለውስ?

ስለ ኑሮ ውድነት ልጽፍ አይደለም። ስለሱ የሚጽፍ ሞልቷል፣ ደግሞም ሁላችንም እየኖርነው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ዋጋው መወደዱ ሳይሆን ዋጋው አለመጻፉ። ሰው ፊትህን፣ ጫማህን፣ አነጋገርህን አይቶ የሚወስነው ዋጋ። ይሄን ነገር «ገበያ ነው» ብለን ለምደነዋል፣ አንዳንዴም «ብልጠት ነው» ብለን እናደንቀዋለን። እኔ ሌላ ስም ነው የምሰጠው። ባለማወቅ ላይ የተጣለ ቀረጥ ነው፣ በብዛት የሚከፍለውም አቅም የሌለው ነው።

አንድ የታወቀ የቪዲዮ ዓይነት አለ፣ አይታችሁታል። ከውጭ የመጣ ሰው ካሜራውን ደግኖ «በ10 ዶላር ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ምን በላሁ» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ቪዲዮው በዝቷል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፎ ሲሄድ ለእነሱ አገሩ ቅናሽ ሆነላቸው። ከቪዲዮው ሥር ደግሞ ጦርነቱ ይጀመራል። ግማሹ «አሞኝተውሃል፣ ያ ነገር በ80 ብር ነው» ይላል፣ ግማሹ «ዶላር ይዞ ምን አነሰው፣ ይክፈል» ይላል። ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ተስማምተው ነው የሚጣሉት፤ እንግዳ ማለት ፈረንጅ ወይም ዲያስፖራ ነው ብለው።

እንግዳ ማለት ግን የቦታውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ነው። በምሥራቁ መንገድ ላይ እንግዳ ማለት ከገጠር ተነስቶ የታመመ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ ሆስፒታል የሚሄድ ገበሬ ነው። ወደ ሐሮማያ ወይም ጭሮ ወዳለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የተመደበ፣ እናቱ የሰጡትን ብር ካልሲው ውስጥ የቀበረ የ18 ዓመት ልጅ ነው። ከዐረብ አገር ተመልሳ ቤተሰቧን ልታይ የምትሄድ ልጅ ናት። ስለቷን ለማድረስ ቁልቢ የምትሄድ አሮጊት ናት። የእነዚህ ሰዎች ቪዲዮ የለም።

ቦርደዴን ብዙዎቻችሁ አልፋችኋታል፣ አይታችኋት ግን አታውቁም። ከአዋሽ ወጥታችሁ፣ የጅቡቲው መንገድ ወደ ሰሜን ተገንጥሎ የእኛው ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል፣ ሚኤሶ ሳትደርሱ የምታገኟት የምዕራብ ሐረርጌ የቆላ ከተማ ናት። መንገዱ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ግመልና ፍየል አስፋልቱን ሲያቋርጡ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ዳር ዳሩን በማዳበሪያ የታሸገ ከሰል ተደርድሯል፣ መስኮቱ ሲከፈት የሚገባው አየር ከዘጋችሁት ይሻላል አይባልም። ከሷ በኋላ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ አሰበ ተፈሪ። ቦርደዴ ላይ መኪና ከቆመ ለሻይ፣ ለውሃ፣ ለሽንት፣ አንዳንዴም ለምሳ ነው። ቦርደዴን የመረጥኩት ከሌላው የባሰች ሆና አይደለም፤ እንዲያውም አዋሽም ሂርናም ያው ነው። ትንሽ ስለሆነች ነገሩ ጥርት ብሎ ይታይባታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ የሚቆመው ተሳፋሪው በፈለገበት አይደለም፣ ሹፌሩ በለመደው ምግብ ቤት በር ላይ ነው። «ሃያ ደቂቃ!» ይላል ረዳቱ። ስልሳ ሰው ይወርዳል። ሹፌሩና ረዳቱ ወደ ጓዳ በኩል ይገባሉ፣ ሳያዝዙ ይቀርብላቸዋል፣ ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ይሄን የማያውቅ ተሳፋሪ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፣ ግን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር አድርገን ነው የምናየው። የሹፌሩን ጥብስ የሚከፍለው ማነው ብለን አንጠይቅም። እንደ መሐንዲስ ላስላው። እንበልና ከስልሳው ሠላሳው በላ። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ 40 ብር ብትጨመር 1,200 ብር ነው። የሁለት ሰው ጥብስ ተከፈለ፣ ለባለቤቱም ተረፈ። ደግሞ ነገ ሌላ አውቶቡስ አለ። 40 ብሯን የከፈለው ሰው እንደጨመረ እንኳ አያውቅም፣ ምክንያቱም ያልተጨመረበትን ዋጋ የት ያያል?

እዚያው በር ላይ፣ በአውቶቡሱ መስኮት ሥር ያለውን ገበያ ደግሞ ተመልከቱት። ሦስት አራት ሴቶች የተቀቀለ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ፣ በሃይላንድ የተሞላ የግመል ወተት ይዘው ይሽቀዳደማሉ። (ሃይላንድ የአንድ የውሃ ፋብሪካ ስም ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ በአገሩ ሃይላንድ ነው።) አንዷ ዋጋ ስትጠራ ሌላዋ ትሰማለች፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። ሞተሩ ሲነሳ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ሴትዮዋም ተቸኩላለች፣ እኔም ተቸኩያለሁ፣ ሁለታችንም እኩል ነን። ከዚህ የጸዳ ንግድ በመንገዱ ሁሉ አላየሁም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ ትበላለህ፣ ከዚያ ዋጋው ይነገርሃል። የበላኸውን መመለስ አትችልም፣ አውቶቡሱ ደግሞ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ትከፍላለህ፣ በቃ።

«ተወዳዳሪ ካለ ዋጋው ይወርዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቦርደዴም አሰበ ተፈሪም መንገድ ዳር ያለው ምግብ ቤት አንድና ሁለት አይደለም። ታዲያ ለምን አልወረደም? ፒተር ዳይመንድ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ነገር አለ፣ በኋላ በ2010 ኖቤል ተጋርቷል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ገዢው ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ሄዶ ዋጋ ለመጠየቅ ትንሽም ብትሆን ድካም ካለበት፣ ሻጮቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ዋጋቸው ብቻውን ያለ ሻጭ ወደሚጠይቀው ዋጋ ይጠጋል። ምክንያቱም እኔ ከጎረቤቴ አምስት ብር ብጨምር፣ አንተ ለአምስት ብር ብለህ ተነስተህ አትሄድም። ጎረቤቴም እንደዚያው ያስባል። እንዲህ እየተባለ ይወጣል። የዳይመንድን ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም፣ ቆይቼ ነው ያነበብኩት፣ ሳነበው ግን የታየኝ የቦርደዴ አስፋልት ነው። ሃያ ደቂቃ ያለው፣ የማያውቀው ከተማ ላይ የወረደ፣ አውቶቡሱ ጥሎት እንዳይሄድ አንድ ዓይኑ በር ላይ የሆነ ሰው አምስት ቤት ዞሮ ዋጋ አይጠይቅም።

መድኃኒቱም እዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው። የመጠየቁን ድካም ዜሮ አድርገው። ዋጋው በር ላይ ተጽፎ ከሆነ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ አምስቱንም ቤት በአንድ ጊዜ አያለሁ።

አምና አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፣ ከአዲስ አበባ ነው የተመለሱት፣ ትልቁን የራጅ ፖስታ እንዳይታጠፍ ጭናቸው ላይ ይዘው። አውቶቡሱ ሲቆም ወረዱ፣ የምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመው አስተናጋጁን «ሜቃ?» አሉት፤ ሹሮው ስንት ነው ማለታቸው ነው። ልጁ ክፉ አልነበረም። «ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ፣ ችግር የለውም» ነው ያለው በዚያው በኦሮምኛ። ሁለተኛ ጠየቁት። «ይስተካከላል» አለ። ይሄ «ይስተካከላል» ለኔና ለናንተ ጨዋነት ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን እስከ መጨረሻዋ ብር ለሚያውቁ ሰው ግን ወጥመድ ነው። ተመልሰው መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ በመስኮት ሁለት ሙዝ ገዙ። ልጋብዝዎት ብላቸው «ጠግቤያለሁ» አሉ። አልጠገቡም። ዋጋው በር ላይ ተጽፎ ቢሆን ወይ ገብተው ይበሉ ነበር፣ ወይ ማንንም ሳይጠይቁ ዝም ብለው ያልፉት ነበር። ሰው ፊት ቆሞ «ስንት ነው» ማለት፣ ከዚያ ዋጋውን ሰምቶ ዞር ማለት፣ ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቀው ያደረገው ነው።

ለምግብ ቤቶቹ የሚከራከርም አለ፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ቆላ ነው፣ ውሃ ችግር ነው፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ነው፣ ጤፉ ከሩቅ ነው የሚመጣው። እሺ። ስለዚህ ሹሮው ከአዲስ አበባ ቢወደድ አልከራከርም። 250 ብር ነው በሉ፣ ግን ጻፉት! ዋጋ መጻፍ ዋጋ መቀነስ አይደለም። ሐቀኛ ምክንያት ያለው ውድ ዋጋ በር ላይ ለመለጠፍ የሚያፍርበት ነገር የለውም። የሚያፍረው ለኔ አንድ፣ ከኋላዬ ለተሰለፈው ሌላ የሆነው ነው።

ከእንግዳ ብዙ መቀበልን በተመለከተ ደግሞ ዓለም ላይ ቬኒስን የሚያክል አይገኝም። በቬኒስ የውሃ ላይ አውቶቡስ አንድ ጉዞ ለእንግዳ 9.50 ዩሮ ነው፤ የከተማው ሰው መታወቂያ ካርዱን ይዞ የዚያን ስድስተኛ ገደማ ነው የሚከፍለው። ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ ቀናት ውለው ለሚመለሱ ጎብኚዎች የከተማ መግቢያ ብለው 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምረዋል። ጣልያን ውስጥ ቡናን ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋው ሁለት ነው። ይሄ ሁሉ መድልዎ ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ መድልዎ ነው። ግን የተጻፈ መድልዎ ነው። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ አይቶት፣ ደምሮት፣ «አልሄድም» ማለት ይችላል። እዚያው ቬኒስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ አራት የጃፓን ተማሪዎች ለአራት ስቴክና ለአንድ ሳህን ዓሣ ከ1,100 ዩሮ በላይ ሲጠየቁ ግን የዓለም ዜና ሆነ፣ የከተማው ከንቲባ ሳይቀር ተቆጣ። 9.50 ዩሮው ያላስቆጣው ከተማ ለምን በዚህ ተቆጣ? ልዩነቱ ልጆቹ ከበሉ በኋላ መስማታቸው ነው። እኛ ዘንድ ይሄ ዜና አይሆንም፣ ምሳ ነው።

ደግሞ «ይሄ የፈረንጅ ሥልጣኔ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» እንዳትሉኝ፣ እኛም ጋ ይሠራል። ከቦርደዴ ብዙም ሳይርቅ፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ መግቢያ ዋጋ የተለያየ ነው። ማንም ተነስቶ ተጭበረበርኩ አይልም፣ ምክንያቱም ታሪፉ በግልጽ የወጣ ነው፣ ከፍሎም ደረሰኝ ይቀበላል። ኦሪክስ ለማየት የሚሠራው አሠራር ሹሮ ለመብላት የማይሠራበት ምክንያት አይገባኝም።

ሕጉም አለ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ ዝርዝር በሚታይ ቦታ መለጠፍ እንዳለበት ይደነግጋል። አዲስ ሕግ ይውጣ እያልኩ አይደለም እንግዲህ። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሱቆችን ለማሸግ ሲነሳ አይተነዋል፤ ስኳር ደበቀ፣ ዘይት አከማቸ ብሎ። የመንገድ ዳር ምግብ ቤትን ግን «የዋጋ ዝርዝርህ የታለ» ብሎ ሲጠይቅ ያየሁ እኔ አንድም ቀን የለም። ለምን እንደሆነ ስገምት፣ ተጎጂው መራጭም ነዋሪም ስላልሆነ ነው። በሃያ ደቂቃው ውስጥ አቤቱታ አይጻፍም። ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ተጎጂው ሚኤሶ ደርሷል።

መጓጓዣው ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስቃል፣ ምክንያቱም እዚያ ዋጋው ተጽፏል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ታሪፍ በመኪናው ደረጃና በኪሎ ሜትር ተሰልቶ በመንግሥት የሚወጣ ነው። ወረቀቱ መናኸሪያ ይለጠፋል። ከዚያ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ይደርሳል፣ በዚህ መንገድ የሚሄደው ሕዝብ ይበዛል፣ ወረቀቱም ጌጥ ይሆናል። ደላላው መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ሞልቷል» ይላል፣ ትንሽ ጨመር ስታደርግለት ወንበር ይገኛል። ስለት የተሳለች አሮጊት «ዘንድሮ ይቅር» አትልም፤ ሄዳ ማድረስ አለባት። መቅረት የማትችል መሆኗን ያውቃሉ፣ ዋጋውም የሚሰላው በዚያ ነው። ሻንጣውም እንዲሁ ነው። አንዱ ረዳት በነጻ ይጭናል፣ አንዱ ከምሳ የሚበልጥ ይጠይቃል፣ የአንድ ኩንታል ማሽላና የአንድ የተማሪ ሻንጣ ዋጋ የሚወሰነው በባለቤቱ ፊት ነው። ስለ ባጃጅ ብዙ አልልም፣ «ኮንትራት ነው በሰው?» የምትለዋን ጥያቄ ያልሰማ የለም፤ ምን መመለስ እንዳለበት ግን የአገሩ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ይሄን ባነሳሁ ቁጥር ጓደኞቼ «ታዲያ አፕ ሥራለታ» ይሉኛል። ሐሳቡ ያምራል፤ ተሳፋሪው የበላበትን ዋጋ ይመዘግባል፣ ቀጣዩ ያያል፣ ካርታ ላይ ቀይና አረንጓዴ ይበራል። በአንድ ሳምንት ልሠራው እችላለሁ። ግን ሽማግሌውን አስቡልኝ፣ ራጃቸውን የያዙትን። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ኖኪያ ነው። ተማሪው ስማርት ስልክ ቢኖረውም ዳታው አልቋል፣ ዳታ ቢኖረውም ከአዋሽ በኋላ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ነው። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ አፖች ሲመጡ ደስ ብሎን ነበር፣ የላዳ ሾፌር ጫማህን አይቶ ዋጋ የሚጠራበት ዘመን አለፈ ብለን። ለጥቂት ጊዜ እውነትም አለፈ። አሁንስ? ሾፌሩ ይደውልና «የት ነህ? የት ነህ የምትሄደው? ስንት ትጨምራለህ?» ይላል። ዋጋው ስክሪኑ ላይ አለ፣ ግን የሚያስከብረው ከሌለ ስክሪንም እንደ መናኸሪያው ወረቀት ነው። ለቦርደዴ ምግብ ቤት የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ በጨርቅ ታጠፋና ሌላ ትጽፋለህ። ባትሪ አይፈልግም፣ አፕዴት አይጠይቅም።

የቀረው ክርክር አገሬ ስለሆነ ነው የሚያመኝ። «የሐረርጌ ሰው እንግዳ አክባሪ ነው፣ አቦ፣ እንዲህ አይባልም» ይላሉ። እንግዳ አክባሪነቱን ከኔ በላይ ማን ይመሰክራል? አሰበ ተፈሪ ላይ የማንም ቤት በር አንኳኩታችሁ ብትገቡ፣ ማን ነህ ሳትባሉ ሆጃ ይቀርብላችኋል፤ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን፣ አንዴ የቀመሰው ማኪያቶ የሚያስጠላውን። ቁጭ በሉ፣ ዛሬ እዚሁ እደሩ ትባላላችሁ። ውሸት የለበትም። ታዲያ ያው ሰው አስፋልት ዳር ሲሆን ለምን ተለወጠ? መልሴ ቀላል ነው፤ ቤቱ የገባው እንግዳ ነገም ይመጣል፣ ስሙ ይታወቃል፣ ቢከፋው ሰፈሩ ይሰማል። ከአውቶቡስ የወረደው ግን ተመልሶ አይመጣም፣ ቢመጣም ሌላ አውቶቡስ ሌላ በር ላይ ያወርደዋል። የምግብ ቤቱ እውነተኛ ደንበኛ ተሳፋሪው አይደለም፣ ሹፌሩ ነው። እንግዳ አክባሪነቱም የሚሄደው ወደ ደንበኛው ነው፤ ጥብሱን አታዩትም? እንዲያውም ከልማዳችን ጋር የሚጣላው ይሄ ነው። በእኛ አገር የእንግዳ ምግብ ለሁሉም እኩል ነው የሚቀርበው። በጓዳ በኩል አንዱን በነጻ እያበሉ፣ በሳሎን በኩል ሌላውን የዚያን ሒሳብ ማስከፈል ከየት የመጣ ባህል ነው?

ይሄ ነገር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሄደው። እኔ በአዲስ አበባ አማርኛ ቦርደዴ ላይ ስጠይቅ ዋጋ ይጨመርብኛል፣ አክስቴ በኦሮምኛ ስትጠይቅ ይቀንስላታል። ያው የቦርደዴ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ፣ አማርኛው የሰባበረበት ቀን፣ መርካቶ ላይ እጥፉን ይከፍላል። እንግዳ ዋጋን የሚደግፍ ሁሉ ራሱ እንግዳ የሚሆንበት ከተማ አለው። አዲስ አበቤው ሐረር ላይ ያማርራል፣ ሐረሬው መርካቶ ላይ ያማርራል፣ ዲያስፖራው ሁለቱም ጋ ያማርራል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ተመልሶ በራሱ ሰፈር የመጣውን እንግዳ «ይክፈል» ይላል።

የአውቶቡስ ባለቤቶች እዚህ ጋ ማምለጥ የለባቸውም። የሹፌርና የረዳት ምሳ የድርጅቱ ወጪ ነው፤ የመንገድ አበል ተብሎ በደሞዝ ይከፈል፣ ሹፌሩም እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ይብላ። ያን ቀን ሹፌሩ ራሱ ርካሽና ጥሩ የሚያበላ ቤት መፈለግ ይጀምራል፣ ስልሳ ሰው አስከትሎ። በመንገዱ ላይ ከዚህ የተሻለ የዋጋ ተቆጣጣሪ አይገኝም። ባለቤቶቹ ግን አሁን ያለው ይመቻቸዋል፤ የሠራተኛቸውን ምሳ ሌላ ሰው እየከፈለላቸው ነው።

ከእኛ ከተሳፋሪዎቹስ? እጃችሁን ሳትታጠቡ ጠይቁ። ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከኋላ ያለው እንዲሰማ። ብር የተረፋችሁ በተለይ እናንተ ጠይቁ፣ «ለሹሮ እከራከራለሁ እንዴ» ብላችሁ አትተዉት፣ ምክንያቱም እናንተ ስትጠይቁ ብልጠት ይባላል፣ ሽማግሌው ሲጠይቁ ድህነት ይባላል። ሂሳቡ ከተባለው ሲለይ ደረሰኝ ጠይቁ። ምንም ላይመጣ ይችላል፣ ግን አስተናጋጁ «ይስተካከላል» ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል።

የቦርደዴ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሄን የሚያነብ ሰው ካለው፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ከዳር እስከ ዳር በእግር ያልቃል። በየበሩ አንድ ሰሌዳ፣ ከአውቶቡስ መስኮት በሚታይ ከፍታ፤ ሹሮ፣ በየዓይነቱ፣ ጥብስ፣ ፓስታ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ትልቁና ትንሹ ውሃ። ስሞቹ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ይጻፉ። ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው በዚያ ያልፋል የሚል ካለ፣ ብር ላይ ያለውን ቁጥር ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቁጥሩ አጠገብ የሹሮ ድስት ሥዕል ይሣልበት።